የሸማኔ ልጅ በቤርያ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ደውላ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር አጣርተው ይንገሩኝ» አለችኝ። አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ክፍያ የማያስከፍል ኮሌጅ እንዳለ ጓደኞቿ ነግረዋታል፤ ከውጭ አገር ለሚቀበላቸው ጥቂት ተማሪዎችም የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ሙሉ በሙሉ እንደሚሸፍን ሰምታለች፤ አንድ ደላላ ደግሞ ማመልከቻውን ልሙላልሽ ብሎ ገንዘብ ጠይቋታል። ማመልከቻው ራሱ ክፍያ እንደሌለው ስታውቅ ጥርጣሬዋ ጭራሽ ባሰበት። በእኛ ከተማ «በነጻ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የማጭበርበር መግቢያ መሆኑን የማያውቅ ወጣት የለም። «እርስዎ እዚያው ኬንታኪ ነዎት፤ ሄደው በዓይንዎ ቢያዩልኝ» አለችኝ።

ስሙን ስጠይቃት «ቤርያ» አለች። ከጎኗ የተቀመጠችው እናቴ ጆሮዋ ደከም ስላለ ቃሉን በሌላ መንገድ ሰማችውና፣ «ምን? ባሪያ የሚባል ትምህርት ቤት አለ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ሦስታችንም ሳቅን። ማታ ስለ ኮሌጁ ማንበብ ስጀምር ግን የእናቴ ጆሮ ያን ያህል አለመሳሳቱን አየሁ፤ ቤርያ የተመሠረተው ባርነትን በመቃወም፣ ያውም ባርነት ሕጋዊ በነበረበት ግዛት እምብርት ላይ ነውና። ስሙ የተወሰደው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ነው። ጳውሎስና ሲላስ ከተሰሎንቄ በሌሊት ሸሽተው የገቡባት ከተማ ቤርያ ናት፤ ሰዎቿ የተነገራቸውን እንዲሁ አምነው ከመቀበል ይልቅ ነገሩ እውነት ይሆን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ስለነበር ልበ ሰፊዎች ተብለው ተመስግነዋል። ከዚያው ምዕራፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ቃል ደግሞ የኮሌጁ መሪ ቃል ሆኗል፦ እግዚአብሔር የምድርን ሕዝቦች ሁሉ ከአንድ ደም ፈጠረ።

ሉዊቪል ከተማ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ወደ ኖክስቪል በሄድኩ ቁጥር በ75ኛው አውራ ጎዳና ዳር የቤርያን መውጫ የሚያሳየውን ሰሌዳ አያለሁ፤ ጎራ ብዬ ግን አላውቅም ነበር። በአንድ ቅዳሜ ማለዳ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሌጁን የመሠረተው ጆን ፊ በ1816 የተወለደው በዚሁ በኬንታኪ፣ ባሪያዎች ካሉት ቤተሰብ ነው። ለሥነ መለኮት ትምህርት ወደ ኦሃዮ ተሻግሮ ሲመለስ ባርነት ኃጢአት ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው ሆኖ ተገኘ። በአባቱ ቤት በባርነት የምትኖረውን ጁልየት ማይልስ የተባለች ሴት ከገዛ አባቱ ገዝቶ ነጻ አወጣት፤ አባቱም ከውርሱ ነቀለው። ስለ ቤርያ የሚጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ላይ ፊን ተከትሎ ይሄዳል። እኔ ግን ከጁልየት ቶሎ መለየት አልቻልኩም። ይህች ሴት እርሷ ነጻ ወጥታ ልጆቿ በባርነት ቀርተውባት ነበርና፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ልታሻግራቸው ስትሞክር ተይዛ ታሰረች፤ ከእስር ቤትም ሳትወጣ ሞተች። የአንድ ኮሌጅ ታሪክ መግቢያ ላይ እንዲህ ያለች እናት መኖሯን ሳውቅ፣ የቀረውን ሁሉ ያነበብኩት እርሷን እያሰብኩ ነው።

ፊን ወደ ማዲሰን አውራጃ ጠርቶ መሬት የሰጠው ካሺየስ ክሌይ የተባለ ባለጸጋና ፖለቲከኛ ነው። ሉዊቪል ለሚኖር ሰው ይህ ስም እንግዳ አይደለም፤ የከተማችን ልጅ መሐመድ አሊ ሲወለድ የወጣለት ስም ከዚህ ሰው የተወረሰ ነውና። ሁለቱ ሰዎች ግን አብረው ብዙ አልዘለቁም። ክሌይ ባርነት በሕግ አግባብ ቀስ በቀስ ይቅር ሲል፣ ፊ የኃጢአት ቀስ በቀስ የለውም አለ። በ1855 አንዲት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ተከፈተች። በ1859 ኮሌጅ የሚያደርጋት መተዳደሪያ ደንብ ሲረቀቅ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ጆን ብራውን ባሪያዎችን አስነስቶ ነጻ ለማውጣት በሃርፐርስ ፌሪ የጦር መሣሪያ ማከማቻ ላይ ጥቃት አደረሰ። ፊ በዚያ ወቅት ገንዘብ ለማሰባሰብ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ነበር፤ ብሩክሊን ውስጥ ሲሰብክ የጆን ብራውን ዓይነት ቆራጥነት ያላቸው፣ ነገር ግን መሣሪያቸው ሰይፍ ያልሆነ ሰዎች ያስፈልጉናል አለ። ወሬው ኬንታኪ ሲደርስ የዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ግማሽ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቶ ነበር። በታኅሣሥ ወር 60 ያህል የታጠቁ ፈረሰኞች መንደሩ ገብተው መምህራኑና ቤተሰቦቻቸው በ10 ቀን ውስጥ ግዛቱን ለቀው እንዲወጡ አዘዙ። ወጡም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ፊ ወደ ካምፕ ኔልሰን ሄደ። ካምፕ ኔልሰን በኬንታኪ ጥቁሮች ለሰሜኑ ጦር የሚመዘገቡበት ትልቅ ሰፈር ነበር፤ ወታደር የሆነው ወንድ ነጻ ይወጣል፣ ተከትላው የመጣች ሚስቱና ልጆቹ ግን ገና የጌታቸው ንብረት ናቸው። በኅዳር 1864 የሰፈሩ አዛዥ 400 ያህል ሴቶችንና ሕፃናትን በብርዱ አስወጥቶ ጎጆዎቻቸውን አስፈረሰ፤ ከመቶ ያላነሱት ሞቱ። ፊ በዚያ ሰፈር ማንበብና መጻፍ አስተማረ፣ የተረፉትን አስጠለለ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቤርያ ሲመለስ አንዳንዶቹን ወታደሮች ኑና ተማሩ ብሎ ጋበዛቸው። ከእነዚህ አንዱ ሳጅን አንገስ በርሌይ ነበር፤ በ1875 ከኮሌጁ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ጥቁር ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በ1866 ክፍል ሲገቡ ብዙ ነጮች ደብተራቸውን አንሥተው ወጥተዋል፤ የወጡትን ማንም አልለመናቸውም። በ1866 እና 67 የትምህርት ዘመን 187 ተማሪዎች ነበሩ፦ 96 ጥቁሮችና 91 ነጮች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጁልያ ብሪተን የተባለች ወጣት ጥቁር ሴት ለነጭ ተማሪዎች ሙዚቃ ታስተምር ነበር። ባርነት በሕግ ከቀረ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በደቡብ፣ ይህ የሆነ ነገር ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለጽሑፍ ያመች ነበር። ነገር ግን በ1892 ዊልያም ፍሮስት የተባለ ፕሬዚዳንት መጣ። ፍሮስት ብርቱ ሰው ነበር፤ ክፍያ የቀረው እርሱ ሥራውን በጀመረበት ዓመት ነው፤ ዛሬ ኮሌጁን የምናውቅበት መልክም አብዛኛው በእርሱ ዘመን የተቀረጸ ነው። የአፓላችያን ተራሮች ድሆች ነጮች በአገሪቱ የተረሱ ሕዝቦች መሆናቸውን አይቶ ኮሌጁን ወደ እነርሱ አዞረ፤ የሰሜን ባለጸጎችም በዚህ ዓላማ ልባቸው ተነክቶ ቦርሳቸውን ፈቱ። የነጮቹ ቁጥር እያደገ ሲሄድ ጥቁሮቹ አናሳ ሆኑ። አረጋዊው ፊ ይህን አይቶ ተቃውሟል፤ የሰማው አልነበረም፤ በ1901 ሞተ። የፍሮስት ደጋፊዎች የተራራው ድሃም ድሃ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የአንዱን ድሃ ወንበር ለሌላው ድሃ ማሸጋሸግ፣ በተለይ የመጀመሪያው ሌላ የሚሄድበት ትምህርት ቤት በሌለበት አገር፣ ደግነት ብቻ ተብሎ ሊታለፍ የሚችል አይመስለኝም።

ፍሮስት ያላላውን ገመድ በ1904 ሕግ በጠሰው። ካርል ዴይ የተባለ የምክር ቤት አባል በኬንታኪ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ የሚከለክል ረቂቅ አቀረበ። በዚያ ዘመን በግዛቱ ጥቁርና ነጭን አብሮ የሚያስተምር ኮሌጅ ቤርያ ብቻ ስለነበር ሕጉ ለማን እንደተሰፋ ግልጽ ነበር። ኮሌጁ 1,000 ዶላር ተቀጣ፤ ይግባኙን ይዞ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በኅዳር 1908 በ7 ለ 2 ድምፅ ተረታ። የብዙኃኑ ምክንያት የሕግ ሰዎች ብቻ ሊያስቡት የሚችሉት ዓይነት ነው፦ ኮሌጅ በመንግሥት ፈቃድ የቆመ ድርጅት ስለሆነ፣ ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት ፈቃዱን ማጥበብም ይችላል አሉ። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ራሱ የኬንታኪ ሰው የሆነው ጆን ሃርላን ነበር፤ ይህ ከተፈቀደ ነገ ጥቁርና ነጭ ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤት አብረው እንዳይቀመጡ ማን ይከለክላል ሲል ጠየቀ። ሌላው ተቃዋሚ ዳኛ ደግሞ፣ ነገር ሲገጥም፣ ስሙ ዴይ ነበር፤ ከሕጉ አርቃቂ ጋር ዝምድና አልነበራቸውም።

ከሉዊቪል በወጣሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲምፕሰንቪል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምኩ። ሲምፕሰንቪልን እኛ የሉዊቪል ሐበሾች የምናውቀው በቅናሽ ልብስ በሚሸጥበት የገበያ ማዕከሉ ነው፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ ሻንጣውን የሚሞላው እዚያ ነው። ከዚያች ከተማ አጠገብ፣ ቤርያ ከሽንፈቱ በኋላ ገንዘብ አሰባስቦ ለጥቁር ተማሪዎች ያቋቋመው ሊንከን ኢንስቲትዩት እንደነበረ ያወቅሁት ግን ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት ነው። በ1912 ተከፈተ፤ በ1966 ተዘጋ። የሰብዓዊ መብት ታጋዩ ዊትኒ ያንግ በ1921 የተወለደው አባቱ በሚያስተምርበት በዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ከቤርያ የወጡትን ጥቁር ተማሪዎች ኮሌጁ የጉዞና የትምህርት ወጪያቸውን እየሸፈነ ወደ ሌሎች ኮሌጆች ልኳቸዋል፤ የሊንከን ኢንስቲትዩትንም ሠርቷል፤ ሆኖም ቤታቸው የነበረው ግቢ 46 ዓመት ሙሉ ተዘግቶባቸው ኖረ። ሕጉ የተሻሻለው በ1950 ነው፤ ቤርያም ወዲያው በሩን ከፈተ። ያ በር ከመዘጋቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1903፣ ከቤርያ የተመረቀ አንድ የባሪያዎች ልጅ ነበር፤ ካርተር ውድሰን ይባላል። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቆፍሮ ያደገ ነው፤ በኋላ ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ፤ በ1926 የጀመረው የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት ዛሬ ልጆቻችን በየካቲት በየትምህርት ቤታቸው የሚያከብሩት የጥቁሮች ታሪክ ወር ሆኗል።

ቤርያ ስደርስ ረፋድ ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የኮሌጁ ግቢና የከተማዋ መንገድ ድንበር የላቸውም፤ አጥር ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው የት ጋ ግቢ እንደገባ አይታወቀውም። ተማሪዎቹ በጠቅላላው 1,500 ያህል ናቸው። ኮሌጁ የገንዘብ አቅም ያለውን ቤተሰብ ልጅ፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይቀበልም፤ ከአብዛኞቹ የአሜሪካ የግል ኮሌጆች በተቃራኒ እዚህ ለመግባት ድሃ መሆን ግዴታ ነው። አብዛኞቹ ከኬንታኪና ከአፓላችያን ተራሮች የመጡ ናቸው። ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ከትምህርቱ ጎን ለጎን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ሥራውም ይገመገማል፤ ተመራቂው ከትምህርት ውጤቱ ሌላ የሥራ ታሪኩን የሚያሳይ መዝገብ ይዞ ይወጣል።

ምሳ የበላሁት ቡን ታቨርን በሚባለው የኮሌጁ ሆቴል ነው። ሆቴሉ በ1909 የተሠራበት ምክንያት ለእኛ አገር ሰው በደንብ ይገባዋል፦ የፍሮስት ባለቤት በአንድ በጋ ብቻ 300 እንግዳ በቤቷ አስተናግዳ ስለተማረረች ነው ይባላል። ያስተናገደኝ ልጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ አያቱ ከሰል ቆፋሪ፣ እናቱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር። ሥራው እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው እንደ አስጎብኚ ሊያስደስተኝ አልሞከረም። የቁርስ ተረኛ ሲሆን ሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንደሚነሣ፣ በፈተና ሳምንት ይህ እንደሚያንገሸግሸው፣ አንደኛ ዓመት ሳለ ደግሞ ምርጫ ስላልነበረው ዓመቱን ሙሉ ሰሐን ሲያጥብ እንደከረመ ነገረኝ። «ግን ሁላችንም ነን» አለ። ሌላ ኮሌጅ ቢሆን እርሱ ሰሐን ሲያጥብ የክፍል ጓደኛው በልቶ የሚነሣ ይሆን ነበር። እኔ አሜሪካ በመጣሁበት ዓመት ማታ ማታ በሠራሁበት ኩሽና የኖርኩት እንደዚያ ነውና ነገሩ ለእኔ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከሰዓት በኋላ የእደ ጥበብ ክፍሎቹን ጎበኘሁ። መጥረጊያ የሚሠራበት ክፍል ከ1920 ጀምሮ አልተዘጋም። መጥረጊያው የሚሠራበት ተክል የማሽላ ዓይነት ነው፤ ፍሬው ሳይሆን ረጅሙ ዛላው ይፈለጋል፤ አንዲት ልጅ ዛላውን በእንጨት እጀታ ላይ እያጠማዘዘች በባለ ቀለም ክር ታስረዋለች። ማሽላን ወፍ ከመጠበቅና ጠላ ከመጥመቅ ውጪ አስቤው ስለማላውቅ ቆሜ ብዙ ጊዜ አየሁ። ቀጥሎ ያለው የሽመና ክፍል ነበር፤ እዚያ ግን እንደ ጎብኚ መቆም አልቻልኩም።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ከጨንቻ በልጅነቱ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ ከመሬት በተቆፈረች ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሰ አምስት ልጆች አሳደገ። በልብሱ የማይኮራ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረም፤ ጥበብ ቀሚሱ በየሠርጉና በየጥምቀቱ ይታያል፤ ሠሪው ግን «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንደሚቆጠር አዋጅ አስነግረው ነበር። ያ አዋጅ የወጣበት ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1908 መጀመሪያ መሆኑን ያስተዋልኩት እዚያው ቤርያ ሆኜ ነው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዋሽንግተን ዳኞች ቤርያን ረቱት። የእኛ ንጉሥ የደነገጉት መልካም ሕግ ስድቡን አላስቀረውም፤ የእነርሱም ክፉ ሕግ ተማሪዎቹን የለያየው ለዘለዓለም አልነበረም። ከአዋጁ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ እኔ አንደኛ ደረጃ ስማር ስድቡ ገና ሙሉ ጉልበት ነበረው። በተማሪ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ቅጹን ሊፈርም ሲያነብ ዓይኑ እዚያ ላይ ቆመ፤ አንዳችም ሳይናገር ፈረመ።

በቤርያ የሽመና ክፍል ውስጥ ያሉት የሽመና ዕቃዎች ከእንጨት የተሠሩ ትልልቅ ናቸው፤ ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መርገጫውን ይረግጣል። ከዚያ በቀር ድሩ ድር ነው፣ ማጉም ማግ፤ ድምፁ ራሱ አንድ ነው። ሽመናው ወደ ኮሌጁ የገባበት መንገድ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ነው፦ በፍሮስት ዘመን የተራራ ሴቶች ከትምህርት ክፍያ ውጭ ላለው የልጆቻቸው ወጪ የሚሰጡት ገንዘብ ሲያጡ በቤታቸው የሸመኑትን የአልጋ ልብስ ይዘው ይመጡ ነበር። ፍሮስት ያን ጨርቅ ለሰሜን ባለጸጎች ሲያሳይ ወደዱት፤ እርሱም ለገበያ የሚሆን ሥራ አደረገው፤ በ1911 አና ኤርንበርግ የምትባል ስዊድናዊት የሽመና መምህርት መርታ ሥራውን አስፋፋችው። ማግ የምትወረውረዋ ተማሪ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ መሆኗን ነገረችኝ። መወርወሪያውን አንዴ ልያዘው ብላት በደስታ ሰጠችኝ። ሞከርኩ፤ ክሩ ተጠላለፈ። የሸማኔ ልጅ መሆኔን አልነገርኳትም፤ ባልነግራት ይሻላል ብዬ ከልጅነቴ የለመድኩት አመል ነው መሰል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው የእህቴ ልጅ ዋና ጥያቄ ስለነበር እርሱንም ተከታትያለሁ። በ1920 የኮሌጁ ቦርድ አንድ ውሳኔ አሳለፈ፦ ለተለየ ዓላማ ያልታሰረ ማንኛውም የኑዛዜ ስጦታ ለዕለት ወጪ ሳይነካ ወደ ቋሚ ገንዘቡ፣ ማለትም ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ ወደሚሠራበት ገንዘብ፣ ይግባ። መቶ ዓመት ሙሉ ይህን ትእዛዝ ያልጣሰ ተቋም ዛሬ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ቋሚ ገንዘብ አለው፤ አብዛኛው ወጪ የሚሸፈነው ከዚያ ትርፍ ነው፤ የተማሪዎቹ የጉልበት ሥራ ኮሌጁን አያኖርም፣ ብዙ ሰው እንዲያ ቢያስብም። በ2017 የአሜሪካ ምክር ቤት ትልልቅ ቋሚ ገንዘብ ባላቸው የግል ኮሌጆች ትርፍ ላይ 1.4 በመቶ ግብር ሲጥል ቤርያ ከሃርቫርድና ከየል ጋር በአንድ መረብ ገባ። በየካቲት 2018 ሕጉ ላይ «ክፍያ የሚከፍሉ» የሚሉ ቃላት ተጨምረው፣ ግብሩ ኮሌጁን ይመለከተው እንደሆነ ለመወሰን የሚቆጠሩት ከፋይ ተማሪዎች ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ፤ ቤርያም ከፋይ ስለሌለው ዳነ።

ቤርያ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው፤ ተማሪውን በአንድ ሙያ ብቻ ሳይወስን ሰፋ ያለ ዕውቀት ያስጨብጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኮሌጅ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሥራ የማያስገኝ ትምህርት የሚሰጥ ተደርጎ ይታያል፤ ወላጅ የሚፈልገው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ነው። ቤርያ ውስጥ ከእርሻ እስከ ነርስነት፣ ከኮምፒውተር እስከ ፍልስፍና ይማራሉ፤ ዋና ትምህርቱ የትኛውም ቢሆን ተማሪው ታሪክም፣ ሥነ ጽሑፍም፣ ሳይንስም፣ ሃይማኖትም ነካክቶ ይወጣል። በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ጆን ፌን በ1937 ከዚህ የተመረቀ ነው፤ ኬንታኪ የወለደቻት ጸሐፊዋ ቤል ሁክስም ከ2004 ጀምሮ በዚህ አስተምራለች፣ በ2021 ያረፈችውም በዚህችው ከተማ ነው። ነገሩ የእኛን የቆሎ ተማሪ ያስታውሰኛል፤ እርሱም ለመምህሩ እንጨት እየለቀመ፣ ውኃ እየቀዳ፣ ቁራሽ እየለመነ ነው ቅኔ የሚቆጥረው። ልዩነቱ ቤርያ ሥራውን የትምህርቱ አካል ብሎ መዝግቦ ነጥብ መስጠቱ ነው። ደግሞም ድካሙን መካድ አይገባም፤ በሳምንት 10 እና 15 ሰዓት ሥራ የሚበላው ከእንቅልፍና ከጥናት ነው፤ ቡን ታቨርን ያገኘሁት ልጅ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ማታ ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። እውነት ነው አልኳት። ቀጥዬም ያልሰማችውን ነገርኳት፦ ከዓለም ሁሉ በየዓመቱ የሚቀበሏቸው የውጭ ተማሪዎች 30 ያህል ብቻ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በእረፍት ወራት ሠርቶ የተወሰነ ገንዘብ መቆጠብ ይጠበቃል፤ ሰሐን ታጥቢያለሽ፣ መጸዳጃ ቤት ልታጸጂም ትችያለሽ። ለደላላው ምንም እንዳትከፍል አስጠነቀቅኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «መጸዳጃ ቤቱን እማዬ ባትሰማው ይሻላል» አለች። ከዚያ ስለ ሽመናው ክፍል ነገርኳት፤ መወርወሪያውን ይዤ ክሩን እንዳጠላለፍኩት ስነግራት ከት ብላ ሳቀች፣ አያቷ ጉድጓዱ ዳር አስቀምጦ ቀሰም ያስሞላት ነበርና ከእኔ ትሻላለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ደወለች። ማመልከቻውን እየሞላች ስለ ቤተሰቧ የሚጠየቅ ቦታ ላይ ደርሳ ነበር፤ ያሳደጋት አያቷ ስለሆነ የእርሱን ሥራ መጻፍ ፈልጋለች። «ጋሼ፣ ሸማኔ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው የሚባለው? ነጋዴ ልበል እንዴ?» አለችኝ። ነጋዴ አትበይ አልኳት። ቃሉን ነገርኳት፤ መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር ደግማ ጠየቀችኝ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ አስጻፍኳት።